የሹራብ ቡድናችን የጋራ ሥራዎች፦ የተገጠመው፣ የተፈታውና የቀረው

ቁም ሣጥኔ ሥር አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር። ውስጡ 48 ቁራጭ ሹራብ ነበረ፤ ዘጠኝ ሴቶች አራት ወር ሙሉ የሠራነው። ሐሳባችን ቁራጮቹን ስድስት በስምንት አድርገን ገጥመን 1.20 በ1.60 ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ ማውጣት ነበር። ለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ በአራቱም ጎን 20 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። መሬት ላይ ዘርግተን ስንለካቸው ትንሹ 17፣ ትልቁ 24 ሆኖ ተገኘ። ሥራውን የጀመርን ዕለት አንዷ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብላ አጨብጭበንላት ነበር። በለካንበት ቀን ግን እማማ ቁራጮቹን አየት አደረጉና «ይኼስ ድመትም አያስር» አሉ።

እማማ የምንላቸው በዕድሜ ትልቋን አባላችንን ነው። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ፤ የምናዘዘው ነገር አለኝ።

በየሰፈሩ እንደኛ ተሰብስበው ሹራብ ወይም ኪሮሽ የሚሠሩ ሴቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ለየራስ መሥራቱ ችግር የለውም፤ ሁሉም በእጁ ይችላል። አንድ ነገር አብሮ ለመሥራት ሲነሡ ነው ጣጣው። እኛ ያበላሸነውን ሌላው እንዳይደግመው ብዬ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነጥቶ ይታያል። እዚህ ሹራብ ጌጥ አይደለም። ቡድኑ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ የአንድ እድር ጎረቤታሞች ነን። ግማሾቻችን ድሮ ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የተማርን ነን፣ አንዳንዱ ከእናቱ፣ አንዷ ከስልኳ ቪዲዮ። እኔ ራሴ የመጀመሪያ መርፌዎቼ ወንድሜ ከብስክሌት ጎማ ነቅሎ በድንጋይ የሳለልኝ ሁለት ሽቦዎች ነበሩ። እጄ እስከ ዛሬ ጠበቅ የሚለው ከዚያ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ የምንገናኘው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ሴቶች ቀሩ። አንዷ ታመምሁ፣ አንዷ እንግዳ መጣብኝ አለች። እውነቱ የወጣው ቆይቶ ነው፤ በሰንበት እንዝርት አይሾርም፣ የሹራብ መርፌም ያው ነው፣ ብለው ነው፤ ሊነግሩን ግን አፈሩ። ቅዳሜም ለአንዳንዱ ሰው ሰንበት ነው። ስለዚህ ሐሙስ 10 ሰዓት አደረግነው። ሐሙሱ በ12 ወይም በ21 ከዋለ ሚካኤልና ማርያም ናቸውና ቡና ብቻ ነው፤ ሒሳብ እንተሳሰባለን፣ ቀለም እንመርጣለን፣ መርፌ አይነሣም። ሁለት ሙስሊም እኅቶች ስላሉን በረመዳን ሰዓቱን ወደ 8 እናመጣዋለን፣ ቡናውንም እንተወዋለን። ይኼ ከሹራብ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ካላችሁ፣ እኛ ከተበላሸ ብርድ ልብስ ይልቅ በተበላሸ ቀን ምርጫ ነው ሰው ልናጣ የደረስነው።

አሁን ወደ 48ቱ ቁራጮች።

ጥፋቱ «40 ዓይን ጀምሩ» ማለታችን ነው። ዓይን የምንለው መርፌው ላይ ያለችውን አንዷን ቀለበት ነው። ውፍረቱ አንድ የሆነ ክር፣ ሁላችንም ባለ 4 ሚሊ ሜትር መርፌ፣ ሁላችንም 40 ዓይን፤ እንግዲህ እኩል ካልወጣ ምን ሊወጣ ነው? የእጅን ነገር ረስተነው ነበር። የኔ እጅ ጠባቂ ስለሆነ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 24 ዓይን ይገባል። ጎረቤቴ ለቀቅ አድርጋ ስለምትሠራ የሷ 19 ነው። በ40 ዓይን የኔ ቁራጭ 17፣ የሷ 21 ይሆናል። 24 የወጣው ደግሞ ክር አልቆባት ወፈር ያለ ከቤቷ የጨመረች ሴት ነው። ትንሹ ቁራጭ የኔ መሆኑን ሳውቅ ለአንድ ሳምንት ያህል የሌሎቹን ስተች እንደነበር አስታወስሁና ዝም አልሁ።

ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዷ ሴት መጀመሪያ ትንሽ ናሙና ሠርታ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ስንት ዓይን እንደሚወጣላት ቆጥራ፣ በዚያ ልክ የዓይኑን ቁጥር ወይም የመርፌውን ውፍረት መቀየር ነው። እጇ የሚጠብቅባት ወፈር ያለ መርፌ፣ የሚለቅባት ቀጠን ያለ። ይህን ሞክረነው ነበር። ልባም የሆኑት አደረጉት፤ ሌሎቹ «እሺ» ብለው እንደ ድሮው ቀጠሉ። መቁጠርና ማካፈል ያለበት ሥራ ለመዝናናት የመጣን ሰው ያደክማል፤ አልፈርድባቸውም።

የዳንነው ከጥግ በመጀመር ነው። አራት ማዕዘኑን ከታች ጠርዝ ሳይሆን ከአንድ ጥግ ትጀምራላችሁ፤ ሦስት ዓይን ብቻ። ከዚያ በየረድፉ መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይን ትጨምራላችሁ። ሥራው ሦስት ማዕዘን እየሆነ ይሰፋል። የአንዱ ጎን ርዝመት 20 ሲደርስ መጨመር ታቆሙና በየረድፉ መጀመሪያ ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ እየሠራችሁ ትቀንሳላችሁ። ሦስት ሲቀር ይዘጋል። ሁሉም ረድፍ ቀጥ (ክሩ ከሥራው ኋላ ሆኖ የሚሠራው) ነው፣ ግልብጥ (ክሩ ከፊት ሆኖ የሚሠራው) የለውም፤ ትናንት የጀመረች ልጅ ትሠራዋለች። ስንት ዓይን ላይ ደረስሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ 68 ላይ ልደርስ እችላለሁ፣ ጎረቤቴ 54 ላይ፤ ግድ የለም፤ የሚለካው ጎኑ ነው።

ለመለኪያ ከብስኩት ካርቶን 20 በ20 የተቆረጠ ለእያንዳንዷ ይሰጣል። እዚህ ላይ አንዲት ጥንቃቄ፦ ካርቶኖቹ ሁሉ ከአንዱ ከመጀመሪያው ይገልበጡ። እኛ አንዷ ከሌላዋ እየገለበጠች ዘጠነኛዋ ዘንድ ሲደርስ ካርቶኑ ራሱ አንድ ሳንቲ ሜትር አድጎ ነበር። ስትለኩም ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ ነው። ጉልበት ላይ ከተለካ ይለጠጣል፤ ሰው ደግሞ ለመጨረስ ሲቸኩል እጁ ሳይታወቀው ይጎትታል።

ከዚያም በኋላ የቀረችውን ልዩነት የሚያጠፋ ሌላ ዘዴ አለ። እያንዳንዱ ቁራጭ ዙሪያውን በኪሮሽ አንድ ዙር ይከፈፋል፤ በአንድ ቀለም፣ በየጎኑ እኩል 30 ዓይን፣ ጥጉ ላይ ሦስት። ቁራጩ 19 ቢሆን 30፣ 21 ቢሆን 30። ትልቁን ሰብሰብ ያደርገዋል፣ ትንሹን ይለጥጠዋል። ሲገጠም 30ው ከ30ው ጋር ዓይን ለዓይን ይሄዳል። ክፈፉ ጠቆር ያለ ከሆነ የዘጠኝ ሴት የተዘበራረቀ ቀለም ታስቦበት የተሠራ ይመስላል። ይኼን ዘዴ ቀድመን ብናውቅ ማዳበሪያው ቁም ሣጥኔ ሥር አይከርምም ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ያልገባን ነገር፣ ብርድ ልብስ ማለት ቁራጭ መሥራት ሳይሆን መግጠም መሆኑ ነው። ቁራጩን ሁሉም እያወራ ይሠራዋል። 48ቱ ሲሞላ «ጨረስን» ብለን ቂጣ ቆርሰን በላን። ማን ይገጥመዋል የሚለው የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁሉም ሰው ሌላው ላይ ዐይኑን ጣለ። አሁን ሥራ ሳይጀመር ሁለት ገጣሚዎች ይመረጣሉ፤ እነሱ ቁራጭ አይሠሩም። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቁራጮች እንደገቡ መግጠም ይጀምራሉ፤ ስሕተት ካለ በስድስቱ ላይ ይታያል እንጂ በ48ቱ ላይ አይደለም። ሌላው ደንብ ጅራትን ይመለከታል። አንድ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት የክር ጅራት አለው፤ 48 ቁራጭ 96 ጅራት ማለት ነው። ያን ሁሉ በመርፌ እየሸሸገ የሚቀመጥ ገጣሚ ከብርድ ልብሱ በፊት ትዳሩ ይፈታል። ጅራቱ ያልተሸሸገ ቁራጭ አንቀበልም። መጀመሪያ ተኮረፈ፣ አሁን ተለምዷል።

የክሩ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። ከአባሎቻችን የአንዷ አክስት ከመንዝ በእጅ የተፈተለ የበግ ፀጉር ላከችልን። መንዝ ባና የሚሠራበት አገር ስለሆነ ሱፉ ጥንት የታወቀ ነው፤ ትንሽ ይኮሰኩሳል እንጂ ሙቀቱ ሌላ ነው። ደስ ብሎን ከመርካቶው ክር ጋር ቀላቅለን ሠራነው። ቁራጮቹን ከመግጠማችን በፊት አንዷ «ንጹሕ ይሁኑ» ብላ በሙቅ ውኃ አሽታ አጠበቻቸው። የመርካቶው ክር አክሪሊክ ነው፤ ምንም አልሆነም። የመንዙ ተኮማተረ፣ ወፈረ፣ እንደ ባርኔጣ ደረቀ። ሱፍ ሙቅ ውኃና ማሸት ሲገናኙበት ፀጉሩ እርስ በርሱ ይያያዝና አይመለስም። ቀዩ ክር ደግሞ ነጩን ሮዝ አደረገው።

ስለዚህ አሁን ሁለቱን በአንድ ሥራ አናቀላቅልም፤ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር ሲገዛም ጫፉን ከነጭ ጨርቅ ጋር በእርጥቡ አስረን እናሳድረዋለን። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ክር ሲመጣ ደግሞ አንድ ጣት የምትሆን ቆርጠን በእሳት እንፈትነዋለን። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይፈረፈራል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ፍሬውን ሳይበርድ በጣት እንዳትነኩት፤ እኔ ነክቼዋለሁ። ይኼ ለማወቅ ያህል ብቻ አይደለም፤ እዚህ አገር በብርድ ጊዜ ከሰል አጠገብ ይቀመጣል፤ ቀልጦ ገላ ላይ የሚጣበቅ ክር ለምን እንደሚለበስ ማሰብ ያስፈልጋል።

ክር እየተወደደ ሲመጣ ከሰልባጅ ተራ ያረጁ ሹራቦችን እየገዛን መፍታት ጀመርን። ርካሽ ነው፣ ክሩም አንዳንዴ እኛ ልንገዛው ከማንችለው ይሻላል። ግን ሹራቡን ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ። ጠርዙ በማሽን ተቆርጦ የተዘመዘመ ከሆነ ተዉት፤ ስትፈቱት በየረድፉ የተቆረጠ ቁርጥራጭ ነው የምታገኙት። ቁራጮቹ በየራሳቸው ተሠርተው በክር የተያያዙ ከሆነ ግን ስፌቱን ፈታችሁ፣ ከላይ ከአንገቱ ጀምራችሁ ትተረትሩታላችሁ። የተፈታው ክር እንደ ተቆጣ ፀጉር ይጠቀለላል። ወንበር ጀርባ ላይ ጠቅልሎ ቱባ ማድረግ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ማሰር፣ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ አውጥቶ ከሥሩ ትንሽ ክብደት አንጠልጥሎ ማድረቅ ነው፤ ቀጥ ይላል። ከዚያ ወደ ልቃቂት። የመፍታት ቀን ልጆችን ሁሉ ሰብስቦ ማሠራት ይቻላል፤ ከመሥራት ይልቅ ማፍረስ ያስደስታቸዋል።

አንድ ሹራብ ለብዙ እጅ አታካፍሉ። ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ አሁንም ያስቀኛል። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ሲመረቅ ስጦታ ብለን ፊቱን አንዷ፣ ጀርባውን አንዷ፣ እጅጌዎቹን ሁለት ሴቶች ሠሩት። አንዱ እጅጌ የአባት፣ አንዱ የልጅ ሆኖ ወጣ። ልጁ ጨዋ ስለሆነ ለብሶት ፎቶ ተነሣ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ። የሚለበስ ነገር የአንድ ሰው እጅ ይሁን። እጅጌ ሲሠራም ሁለቱ በአንድ መርፌ ላይ፣ በሁለት ልቃቂት፣ ጎን ለጎን አብረው ቢሄዱ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም።

ምን ዓይነት የጋራ ሥራ እንደሚያዋጣ የተማርነው በሕፃናት ኮፍያ ነው። ኮፍያ ከማንም ጋር አይገጠምም። ዘገምተኛዋ ሴት በወር አንድ ብትሠራ አንድ ኮፍያ ሰጠች ማለት ነው፤ ማንንም አታስጠብቅም። ፈጣኗ አሥር ብትሠራ ማንንም አታሳፍርም። ያም ሆኖ እዚህም መጀመሪያ ተሳሳትን። ሳንጠይቅ 20 የሚያማምሩ ባለ ቁልፍ የሕፃን ሹራቦችና ሪባን ያላቸው ኮፍያዎች ሠርተን ወደ አንድ ጤና ተቋም፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ወደሚተኙበት ክፍል፣ ወሰድን። ነርሷ በትሕትና ተቀበለችን፣ ሻይም ጋበዘችን፤ ቀጥሎ ሹራቦቹ ለዚያ ክፍል እንደማይሆኑ ነገረችን። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን የሚታቀፈው በካንጋሮ ዘዴ ነው፤ ደረቱ በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲታቀፍ ነው የሚመክረው። እንዲያ ሲታቀፍ የሚለብሰው ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ነው። ሹራብ በመሃል ከገባ የእናቱን ገላ ይጋርድበታል። ኮፍያው ግን የግድ ነው፤ የሕፃን ራስ ከሰውነቱ አንፃር ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሙቀት የሚወጣው በዚያ ነው። ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ረዥም ማሰሪያ፣ የክር ኳስ አይፈለግም፤ ይበጠሳል፣ አፍ ውስጥ ይገባል፣ አንገት ላይ ይጠመጠማል።

የኛዎቹ ኮፍያዎች ደግሞ ሁሉም አንድ ልክ፣ ያውም ለሦስት ወር ልጅ የሚሆን። ነርሷ አንዱን አንሥታ ቡጢዋ ላይ አጠለቀችው፤ ቡጢዋ ጠፋ። «የኛዎቹ ራሳቸው ይቺን ታክላለች» አለችን፣ ቡጢዋን እያሳየች። በመንገድ ላይ ማናችንም አላወራንም።

ከዚያ ወዲህ በሦስት ልክ እንሠራለን፤ ዙሪያቸው 26፣ 29 እና 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዓይን ለሚወጣላት እጅ 56፣ 64 እና 76 ዓይን መሆኑ ነው። ጠርዙ ሁለት ቀጥ ሁለት ግልብጥ ስለሆነ ይለጠጣል። አንዱ ኮፍያ ከ25 እስከ 30 ግራም ክር ይበላል፤ ከባለ 100 ግራሙ ጥቅል ሦስት ይወጣል፣ ትንንሾቹ ከሆኑ አራት። ክሩ ለስላሳ አክሪሊክ ወይም ጥጥ ነው፤ እዚያ በሙቅ ውኃ ስለሚታጠብ የመንዙ ሱፍ እዚህ አይገባም። ቅርጹ ልክ መሆኑን የምንሞክረው ገበያ ላይ ካለ ትሪንጎ ላይ ነው፤ ስንጨርስ ትሪንጎውን እንበላዋለን። ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥበው፣ ፀሐይ ላይ ደርቀው፣ በየልካቸው በላስቲክ ታስረው ከነወረቀታቸው ይሄዳሉ።

በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 መጨረሻ፣ ስብሰባው ቀረ፤ ኮፍያው ግን አልቀረም። የሰፈር ልጅ በየቤቱ ደጃፍ ላስቲክ እየያዘ ይሰበስብ ነበር። ብርድ ልብስ ቢሆን ኖሮ እዚያው ያከትም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ብዙ ተፈናቃዮች ወደ ከተማችን ገቡ። አራስ ሴቶች አሉ ሲባል እኔ ማዳበሪያውን አወጣሁት። በዚያን ጊዜ የክፈፉን ዘዴ ተምረን ነበር። ከ48ቱ ውስጥ ደህና የሆኑ 24 መርጠን ሦስት በአራት እየገጠምን ሁለት የሕፃን ብርድ ልብስ አወጣን፤ 60 በ80። ከዚያ ከጥግ በመጀመር አዲስ መሥራት ቀጠልን፤ የቡድኑ አባል 14 የደረሰው ያኔ ነው።

አሁን ኑዛዜዬ። እኔ ገጣሚ ነበርሁ። እማማ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ቁራጭ ያመጣሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ መሃል መሃሉ ላይ ዓይን ያመልጣቸውና ቀዳዳ ይሆናል። ክፈፍ ቀዳዳ አይደፍንም። አንድ ማታ ሦስቱን ፈታሁና በዚያው ክር ራሴ ሠራኋቸው። ያማረ ሥራ ነበር። ሐሙስ የተገጠመውን ስንዘረጋ እማማ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳበሱት። «ይኼ የኔ ክር ነው፤ እጁ ግን የኔ አይደለም» አሉ። ማንም አልተነፈሰም። ነጠላቸውን አነሡና ሄዱ። ሁለት ሐሙስ ቀሩ።

ሰው መላክ አሰብሁና ተውሁት፤ ራሴ ሄድሁ። ጉልበታቸውን ልስም ስል አነሡኝና ቡና አፈሉልኝ። አንደኛውን እስክንጠጣ ስለ ልጆቼ ብቻ ጠየቁኝ። ሁለተኛው ላይ «መፍታትሽ አይደለም፤ ስፈትል ስፈታ ያደግሁ ነኝ። ለምን ተደብቀሽ ፈታሽው? ፊቴ ላይ ብትፈቺው አብሬሽ እተረትረው ነበር» አሉኝ። ያን ጊዜ የተናገሩት ደንባችን ሆኗል፦ ባለቤቷ ካልተቀመጠች የማንም ሥራ አይፈታም። ከዚያ ወዲህ ለእማማ የምንሰጣቸው ክር ወፍራምና ነጣ ያለ ነው፤ ጥቁር ክር ላይ ዓይን መለየት ለወጣትም ያስቸግራል። የሚቀመጡት መስኮቱ አጠገብ ነው። ልቃቂት የሚጠቀልሉልንም እሳቸው ናቸው፤ የእሳቸው ልቃቂት ሲንከባለል አይተበተብም።

ስለ ገንዘብ ደግሞ። በወር 50 ብር ነበር የጀመርነው፤ አሁን ጨምሯል። ክሩ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ፣ ለአንድ ሥራ የሚበቃው በአንድ ጊዜ ይገዛል፤ ያው ቀለም በሌላ ጊዜ ሲገዛ ትንሽ ይለያል፣ ብርድ ልብስ መሃል ደግሞ ያስታውቃል። ክር የሚሰጠው በሚዛን ነው። ባለ ሱቁ ጎረቤታችን ሚዛኑን ሐሙስ ሐሙስ ያውሰናል። 100 ግራም ከወሰድሽ ቁራጩና ትርፉ አንድ ላይ 100 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ ይጻፋል፤ አለቀ። ሚዛን ከመምጣቱ በፊት ክር እየጎደለ ማንንም ሳንጠይቅ ሁሉንም እንጠረጥር ነበር። አንዲት ሴት ሳይነገራት ተጠርጥራ ወጥታለች፤ ኋላ ክሩ ሶፋ ሥር ተገኘ። ሄደን ይቅርታ ጠይቀናታል፤ አልተመለሰችም።

ለውጭ ሰው የሚሰጠውን በደቦ ነው የምንሠራው፤ ቡናውንና ቆሎውን የዕለቱ ባለተራ ትችላለች፣ የሚመለስ ነገር የለም። ለየራሳችን የሚሆነውን ግን በወንፈል አድርገነዋል። ዕጣ የወጣላት ሴት ሌሎቻችን ስድስት ስድስት ቁራጭ እንሠራላታለን፤ እሷም በየተራችን ስድስት ትመልሳለች። በሰዓት ይሁን ያሉ ነበሩ፤ የዘገምተኛዋና የፈጣኗ ሰዓት እኩል ስላልሆነ በቁራጭ ይሻላል ብለን ተስማማን። ሁለቱን መለየት ጠቅሞናል፤ ቀድሞ አንዷ ለበጎ አድራጎት የሠራችውን እየቆጠረች «የኔስ መቼ ነው» ትል ነበር።

ሹራብ ሸጦ ለመክበር ያሰባችሁ ካላችሁ አልከለክልም፣ ግን ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ ዋጋውን እዩ። የተማሪ ሹራብ ትእዛዝ መጥቶልን አስልተን መልሰነዋል፤ በማሽን ከሚሠሩት ጋር በዋጋ መወዳደር አልቻልንም።

ከማዳበሪያው ውስጥ እስከ ቅርብ ጊዜ የቀሩት እነዚያ በሙቅ ውኃ የተኮማተሩት የመንዝ ቁራጮች ናቸው። ባለፈው መስከረም ማቶታችን ተሰበረና እማማ ከማዳበሪያው አንዱን አውጥተው የፈላውን ጀበና አስቀመጡበት። አልተቃጠለም፣ አልቀለጠም፣ ጠረጴዛውንም አላጋለም። አክሪሊክ ቢሆን ጀበናው ላይ ሊጣበቅ ይችል ነበር። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከመንዝ ሱፍ ሰፋ አድርገን እየሠራን ሆን ብለን በሙቅ ውኃ እናሻዋለን፤ 30 የሠራነው ወደ 20 ይወርዳል። ስምንቱን ጎረቤቶች ገዝተውናል፣ ገንዘቡ ለኮፍያ ክር ገብቷል። በዚህ ሥራ እጁ የጠበቀም የለቀቀም እኩል ነው፤ ቀዳዳውም ቢሆን ሲታሽ ይደፈናል። የእማማን ቁራጭ አሁን ከኔው መለየት አቅቶኛል፤ እሳቸው ግን ዳብሰው ይለዩታል።